እንግዳው ሳይመጣ የሚያየው ቤት፦ የዕረፍት ጊዜ ኪራይ ቤቶችን ድረ-ገጽ ስለማሻሻል የቀረበ ዳሰሳ

ለዕረፍት የሚከራይ ቤት ወደ ገዥው ሊጓጓዝ አይችልም፤ ገዥውም ከመክፈሉ በፊት ቀርቦ አያየውም። አንድ ቤተሰብ በገጠር የሚገኝን ትንሽ ቤት ለአንድ ሳምንት ሲከራይ ቀብዱን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ከመድረሱ ከወራት አስቀድሞ፣ ቤቱን በፎቶግራፍና በጽሑፍ ብቻ አውቆ፣ ባለቤቱንም በአካል ሳያገኝ ነው። ስለዚህ የቤቱ ድረ-ገጽ ከተራ ማስታወቂያ በላይ ኃላፊነት አለበት፤ ቤቱን የሚያስጎበኘው፣ ዋጋውን የሚናገረው፣ ውሉን የሚያስፈጽመውና ስለ ባለቤቱ ታማኝነት የሚመሰክረው እርሱ ነውና።

በዚህ ዳሰሳ «ዲዛይን» የሚለው ቃል የገጹን ቀለምና ፎቶግራፍ ብቻ አያመለክትም፤ መረጃው የሚቀርብበትን ቅደም ተከተል፣ ገጹ የሚከፈትበትን ፍጥነት፣ የዋጋውን አገላለጽ፣ የማስያዣውን አሠራርና የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች ያለውን አመቺነት ጭምር ያካትታል። ዳሰሳው በአመዛኙ የሚያተኩረው በብሪታንያ ላይ ነው፤ በዚያ ቤትን ለዕረፍተኞች ማከራየት የቆየ ልማድ ከመሆኑም በላይ፣ በቅርብ ዓመታት የወጡት ሕጎች ጥሩ ዲዛይን ምን እንደሆነ የሚደረገውን ክርክር ከምርጫ ወደ ግዴታ አሸጋግረውታል። በመጨረሻም ነገሩ ለኢትዮጵያ የእንግዳ ማረፊያዎች ያለው ፋይዳ ይታያል። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ከኢንተርኔት በፊት የብሪታንያ ባለቤቶች ቤታቸውን የሚያስተዋውቁት በወኪል ድርጅቶች ዓመታዊ ካታሎግና በጋዜጣ ማስታወቂያ ነበር። በ1965 የተመሠረተውና ለመፍረስ የተቃረቡ ታሪካዊ ሕንፃዎችን አድሶ ለዕረፍተኞች የሚያከራየው ላንድማርክ ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለምሳሌ፣ የእያንዳንዱን ሕንፃ የወለል ንድፍ ከታሪኩ ጋር አትሞ በመጽሐፍ ያቀርብ ነበር፤ ይህም ልማድ፣ ወደፊት እንደሚታየው፣ ዛሬ በብዙ ድረ-ገጾች ላይ የሚጎድለውን ነገር አስቀድሞ ያሟላ ነበር።

በ1995 በአሜሪካ ኮሎራዶ አንድ ባለቤት በበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ ያለውን ቤቱን ለማከራየት ቪአርቢኦ የተባለውን ድረ-ገጽ ከፈተ፤ ሆምአዌይ የተባለው ኩባንያ በ2005 ተመሥርቶ በሚቀጥለው ዓመት ቪአርቢኦን ገዛ፤ እርሱንም በ2015 ኤክስፒዲያ ጠቀለለው። በ2008 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ኤርቢኤንቢ ተጀመረ። እነዚህ ኩባንያዎች ብዙ ቤቶችን በአንድ ገበያ ሰብስበው ለእንግዳው ፍለጋውን አቅልለውለታል፤ ለባለቤቱ ግን ሁለት ነገር አስቀርተውበታል። አንደኛው ኮሚሽን ሆኖ የሚቆረጠው ገንዘብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከእንግዳው ጋር ያለው ቀጥተኛ ግንኙነት ነው። የራስ ድረ-ገጽ እስካሁን አስፈላጊ ሆኖ የቆየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቤቱን በትልቁ ገበያ ያገኘ እንግዳም ስሙን በጉግል ፈልጎ ወደ ባለቤቱ ገጽ መምጣቱ የተለመደ ሆኗል።

ዋናው ችግር፦ የመረጃ አለመመጣጠን

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ በሚያትት ጥናቱ፣ ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ገዥው በማያውቅበት ገበያ ገዥው ሁሉንም ዕቃ በጥርጣሬ እንደሚያይ፣ ዋጋውንም ዝቅ አድርጎ እንደሚገምት፣ በዚህም ምክንያት ጥሩ ዕቃ ያላቸው ሻጮች ከገበያው እንደሚወጡ አሳይቷል፤ ለዚህና ለተያያዙ ሥራዎቹ በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦች ጋር ተጋርቷል። ለዕረፍት የሚከራይ ቤት ይህ አለመመጣጠን ጎልቶ የሚታይበት ገበያ ነው፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ገደል እንደሚመስል፣ ጎረቤት ያለው ዶሮ ገና ሳይነጋ እንደሚጮህ ባለቤቱ ያውቃል፣ እንግዳው አያውቅም። ከዚህ በመነሣት የዲዛይን ማሻሻያ የመጀመሪያ ጥያቄ «ገጹ ያምራል ወይ?» መሆኑ ይቀርና «እንግዳው ሳይጠይቅ የሚያገኘው መልስ ስንት ነው?» ይሆናል።

የእንግዳው ጥያቄዎች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። ስንት መኝታ ቤት አለ፤ አልጋዎቹ ነጠላ ናቸው ወይስ ጥንድ፤ መታጠቢያው ከየትኛው ክፍል አጠገብ ነው፤ መኪና የት ይቆማል፤ የሞባይል ኔትወርክና ዋይፋይ ይሠራል ወይ፤ ቅርቡ ሱቅ ምን ያህል ይርቃል፤ ውሻ ይዞ መምጣት ይፈቀዳል ወይ። ብዙ ገጾች እነዚህን መልሶች «ውብና ምቹ» በሚሉ ቃላት ተክተው፣ እንግዳው እንዲደውል ወይም ኢሜይል እንዲጽፍ ያስገድዱታል፤ ሳይደውል የሚቀር እንግዳ ግን ይኖራል፣ ባለቤቱም ያጣውን እንግዳ መቼም አያውቀውም።

ፎቶግራፍ በዚህ ረገድ ከሁሉ የበለጠ ኃይል አለው። የኤርቢኤንቢ መሥራቾች በ2009 ኒው ዮርክ ሄደው የአከራዮችን ቤት ራሳቸው ፎቶ ማንሣታቸውና ይህም ገቢን ከፍ ማድረጉ ከኩባንያው ታሪክ በጣም የታወቀው ምዕራፍ ነው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ለማታለልም ያገለግላል፤ ሰፊ ማዕዘን የሚይዝ ሌንስ ጠባቡን ክፍል አዳራሽ ያስመስለዋል። ጥሩ አሠራር እያንዳንዱን ክፍል፣ መታጠቢያ ቤቱንና ደረጃውን ጨምሮ፣ ሰው ከበሩ ገብቶ በሚያልፍበት ቅደም ተከተል ማሳየት ነው። ፎቶግራፍ የማይነግረውን የክፍሎች አቀማመጥ ደግሞ የወለል ንድፍ ይነግራል፤ ሕፃን ይዞ ለሚመጣ ወላጅ ወይም ደረጃ መውጣት ለማይችል አዛውንት አንዲት ቀላል ንድፍ ከሃያ ፎቶ ትበልጣለች። ሥዕሉ ርካሽ ሆኖ ሳለ በገጾች ላይ እምብዛም አለመገኘቱ የሚያሳዝን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለትን መናገር ነው። በእንግሊዝ ገጠር ያሉ የቆዩ ቤቶች ጣሪያ ተሸካሚ እንጨታቸው ዝቅ ያለ፣ ደረጃቸውም ቀጥ ያለ መሆኑ የተለመደ ነው። ይህን በግልጽ የሚጽፍ ገጽ ጥቂት እንግዶችን ያጣ ይሆናል፤ የሚያጣቸው ግን ቢመጡ የሚያዝኑትንና ቅሬታቸውን በአደባባይ የሚጽፉትን ነው። የተነገረ ጉድለት ሌላውን ሁሉ ተአማኒ ያደርገዋል።

ዋጋና ቀን

በገበያው ውስጥ የቆየው መጥፎ ልማድ ዝቅተኛ ዋጋ አስቀድሞ አሳይቶ፣ የጽዳት፣ የአገልግሎትና የአንሶላ ክፍያዎችን በመጨረሻው ገጽ ላይ ማከል ነው። ይህ በየደረጃው ዋጋ የሚያንጠባጥብ አሠራር አሁን በሕግ እየተዘጋ ነው። የብሪታንያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን በ2019 ስድስት ትልልቅ የሆቴል ማስያዣ ድረ-ገጾች ከተደበቁ ክፍያዎች፣ ከአሳሳች ቅናሾችና እንግዳውን ከሚያጣድፉ መልእክቶች እንዲታቀቡ ቃል አስገብቷቸዋል፤ በ2024 የወጣው የዲጂታል ገበያዎች፣ የውድድርና የሸማቾች ሕግ ደግሞ የማይቀሩ ክፍያዎች ከመጀመሪያው በጠቅላላ ዋጋው ውስጥ እንዲገቡ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ያስገድዳል። የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽንም ለአጭር ጊዜ ማረፊያዎች ተመሳሳይ ደንብ ከሜይ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ስለዚህ እንግዳው ቀኑንና የሰዉን ቁጥር እንዳስገባ የሚከፍለውን ሙሉ ገንዘብ ማሳየት፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ቀሪው መቼ እንደሚከፈልና ለጉዳት የሚያዘው መያዣ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በአንድ ቦታ መጻፍ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል።

የቀን መቁጠሪያው ሁለተኛው የክርክር መስክ ነው። በብሪታንያ ቤቶች ለብዙ ዘመን ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ወይም ከዓርብ እስከ ዓርብ ይከራዩ ስለነበር፣ የመለወጫ ቀን የሚባለው አሠራር፣ ማለትም አንዱ እንግዳ ጠዋት ወጥቶ ሌላው ከሰዓት በኋላ የሚገባበት ቀን፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ መግለጽ ያስፈልጋል። ይህ ያልተገለጸበት ገጽ እንግዳው ማክሰኞን እንዲመርጥ ይፈቅድለትና፣ ሁሉን ሞልቶ ሲጨርስ «አይቻልም» ይለዋል፤ የሚሻለው የማይቻሉትን ቀናት አስቀድሞ አደብዝዞ ምክንያቱን ከጎን መጻፍ ነው።

ቤቱ በብዙ ገበያዎች ላይ ሲወጣ ደግሞ አንድ ሳምንት ለሁለት ቤተሰብ የመከራየት አደጋ ይመጣል። ለዚህ የሚያገለግለው አይካል የተባለው የቀን መረጃ መለዋወጫ ደረጃ በ1998 የወጣና በ2009 የታደሰ ሲሆን፣ የአንዱ ገጽ የተያዙ ቀናት ለሌላው እንዲደርሱ ያደርጋል። ይሁን እንጂ መረጃው በየሰከንዱ የሚታደስ አይደለም፤ አንዱ ገጽ ሌላውን እየጎበኘ የሚያነበው በየተወሰነ ጊዜ በመሆኑ፣ በመካከሉ ባለው ክፍተት ሁለት እንግዶች ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ቤቱ በሚፈለግባቸው ወራት ባለቤቱ በራሱ ገጽ የሚመጣውን ጥያቄ አይቶ የሚያጸድቅበት አሠራር ቢኖር የተሻለ ነው፤ ለእንግዳውም የማረጋገጫው መልስ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርሰው መንገር ይገባል።

ቅርጽና ፍጥነት

የድረ-ገጽ ባለሙያው ኢታን ማርኮት በሜይ 2010 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያስተካክልበትን ዘዴ ስም ሰጥቶ አብራርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ለሞባይል የማይመጥን ገጽ መሥራት ምክንያት አጥቷል። ለዕረፍት ቤት የሚፈልጉ ሰዎች ብዙዎቹ በስልክ ላይ ስለሆኑ፣ ዋናው ነገር፣ ማለትም አንድ እውነተኛ ፎቶ፣ ቤቱ የሚገኝበት አካባቢ፣ የሚይዘው ሰው ብዛት፣ ዋጋና ባዶ ቀን፣ ጣት ብዙ ሳይሳብ መታየት አለበት።

ፍጥነት ከዚህ አይነጠልም። ጉግል ጥሩ ገጽን የሚለይባቸው መለኪያዎች ሦስት ናቸው፦ በገጹ ላይ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየቱ፣ ለጎብኚው ጣት መልስ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ መስጠቱና ገጹ እየተከፈተ ጽሑፉ ከቦታው አለመዝለሉ። የኪራይ ቤት ገጾች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በመጀመሪያው ነው፤ ከካሜራ እንደወጣ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ብዙ ሜጋባይት ስለሚመዝን። ፎቶውን ለስክሪን በሚበቃ መጠን ቀንሶ፣ ዌብፒ በመሰለ ቀላል ቅርጸት አስቀምጦ፣ ከታች ያሉት ፎቶዎች ጎብኚው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ ማድረግ ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ ግን ወዲያው የሚታይ ሥራ ነው። በራሱ የሚጀምር ቪዲዮና በየጥቂት ሰከንዱ የሚቀያየር የፊት ፎቶ በአንጻሩ ገጹን ያከብዱታል እንጂ ለእንግዳው አዲስ ነገር አይነግሩትም።

ተደራሽነት

ተደራሽነት ማለት ማየት፣ መስማት ወይም እጅን እንደልብ ማንቀሳቀስ የማይችሉ ሰዎችም ገጹን መጠቀም መቻላቸው ነው። ደብሊውሲኤጂ ከተባለው ዓለም አቀፍ የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ሁለተኛው እትም በ2008፣ 2.1 በ2018፣ 2.2 ደግሞ በኦክቶበር 2023 ወጥተዋል። በመመሪያው መካከለኛ ደረጃ መሠረት ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው የብርሃን ንፅፅር ከ4.5 ለ1 ማነስ የለበትም፤ በ2.2 እትም ደግሞ በጣት የሚነኩ ቁልፎች ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል መሆን አለባቸው። በደማቅ ሰማይ ፎቶ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ ርዕስ፣ በዚህ ገበያ በጣም የተወደደው አሠራር፣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን መስፈርት ይጥሳል።

በዚህ መስክ ግን ከገጹ ተደራሽነት ሌላ የቤቱ ተደራሽነት ጉዳይ አለ፤ ሁለቱ ሊነጣጠሉ አይገባም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚጓዝ ሰው የበሩን ስፋት በሴንቲሜትር፣ ከመኪናው እስከ በሩ ያለውን መሬት ዓይነትና የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ ከፍታ ማወቅ ይፈልጋል። «ለሁሉም ምቹ» የሚለው ቃል ለእርሱ ምንም አይጠቅመውም፤ በመለኪያ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ግን ረጅም ጉዞ ተጉዞ ደጅ ላይ ከመቅረት ያድነዋል። ይህ የሰው ክብር ጉዳይ በመሆኑ ከሽያጭ ብልሃት ጋር ብቻ ተቆጥሮ ሊታለፍ አይገባም።

መታመን

የዲዛይን ባለሙያው ሃሪ ብሪግነል በ2010 ሰዎችን ያልፈለጉትን እንዲያደርጉ የሚያታልሉ የዲዛይን ዘዴዎችን ሰብስቦ ስም ካወጣላቸው ወዲህ፣ «አሁን አምስት ሰዎች ይህን ቤት እያዩ ነው» የሚለውን ዓይነት መልእክት ብዙዎች በሌላ ዓይን ማየት ጀምረዋል። በአንድ ቤት ገጽ ላይ እንዲህ ያለው ማጣደፍ ውሸት ሲሆን ነውር ነው፤ እውነት ሲሆንም ለዕረፍቱ በጥንቃቄ የሚመርጠውን ቤተሰብ ያውካል።

የቀድሞ እንግዶች አስተያየት ጠቃሚ የሚሆነው ዕለቱ ሲጻፍ፣ ቅሬታውም ከነመልሱ ሲቀመጥ ነው፤ የተፈጠረ አስተያየት ማውጣትን ከላይ የተጠቀሰው የ2024 የብሪታንያ ሕግ ይከለክላል። የፈቃድ ቁጥርም የመታመን ምልክት ሆኗል። ስኮትላንድ በኦክቶበር 2022 ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ ቤቶች ፈቃድ እንዲኖራቸው መጠየቅ ጀምራለች፤ የፈቃዱም ቁጥር በማስታወቂያው ላይ መውጣት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው ደንብም የምዝገባ ቁጥርን የሚመለከት ሲሆን ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ሜይ 2026 ነው። ቁጥሩን በገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ከመደበቅ ይልቅ ከማስያዣው ቁልፍ አጠገብ ማስቀመጥ ባለቤቱን ይጠቅመዋል።

የኢትዮጵያ ማረፊያዎች

ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና ቢሾፍቱ ያሉ ትናንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ይመለከታቸዋል፤ የራሳቸው የሆኑ ሦስት ጥያቄዎችም አሉባቸው። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ቢሆንም፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ በ2024 የሆነውም ይኸው ነው። ጎንደር ለጥምቀት ለመድረስ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የሚያስይዝ ቤተሰብ በአንድ ቀን ቢሳሳት የመጣበት በዓል ያልፈዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚለው ለውጭ አገር እንግዳ 14፡00 ተብሎ ካልተጻፈለት ጠዋት ወይም ሌሊት ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ቀንም ሰዓትም በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። አዲስ አበባ ያለው እንግዳ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር መክፈልን ይመርጣል፤ ውጭ አገር የሚኖረው ዓለም አቀፍ ካርድ ይዟል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የተጻፈ ዋጋ በብር ስንት እንደሚሆን የሚሰላው በየትኛው ቀን ተመን እንደሆነ በገጹ ላይ ካልተገለጸ፣ ቀብድ በተከፈለበትና ቀሪው በሚከፈልበት ቀን መካከል ጠብ ይነሣል። የእንግዳውን ስምና የፓስፖርት መረጃ የሚሰበስብ ገጽም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከተው ማወቅና ከሚያስፈልገው በላይ አለመጠየቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ሊነበብ ይችላል፤ ነገር ግን ፊደላቱ የሚለያዩት በትናንሽ ቅጥያዎች ስለሆነ ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለአማርኛ ያንሳል፣ በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተትም ሰፋ ማለት አለበት። ለእንግሊዝኛ የተለኩ ቁልፎች ላይ የአማርኛ ቃል ተቆርጦ መታየቱ፣ አማርኛው ከተጨመረ በኋላ ማንም እንዳልሞከረው ያሳብቃል። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በማይሠራበት ከተማም አድራሻ ማለት የካርታ ነጥብ፣ በቅርብ የሚታወቅ ቤተ ክርስቲያን ወይም አደባባይና የሚያነሣ ስልክ ማለት ነው።

የማሻሻያው መንገድና ክርክሩ

ማሻሻያ ከየት ይጀመር በሚለው ባለሙያዎች አይስማሙም። ያኮብ ኒልሰን በ2000 አምስት ተጠቃሚዎችን ብቻ እያዩ መሞከር ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን እንደሚያወጣ ሲጽፍ፣ ጃሬድ ስፑልና ዊል ሽሮደር በሚቀጥለው ዓመት በሽያጭ ገጾች ላይ ባደረጉት ጥናት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ያገኙት 35 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከገጹ ስፋትና ሰዎቹ ከተሰጣቸው ሥራ ነው፤ አንድ ቤት ብቻ ያለው ገጽ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሰዎችም ብዙ ያሳያሉ። ሁለት ቅጂዎችን ለተለያዩ ጎብኚዎች አቅርቦ ውጤቱን ማወዳደር፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚመኩበት ዘዴ፣ ለአንድ ቤት ግን አይሠራም፤ በሳምንት የሚከራይ ቤት በዓመት ቢበዛ 52 ኪራይ ስላለው ከዚህ ቁጥር አስተማማኝ ልዩነት ማውጣት አይቻልም። ለትንሽ ባለቤት የሚሻለው ሦስት አራት ሰዎች በስልካቸው ቤቱን ለተወሰነ ሳምንት እንዲያስይዙ ጠይቆ ዝም ብሎ ማየትና እንግዶች በስልክና በኢሜይል ደጋግመው የሚጠይቁትን መዝግቦ መልሱን ገጹ ላይ ማኖር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ እውነተኛው መረጃ ይሟላ፤ ቀጥሎ ጠቅላላ ዋጋና ባዶ ቀን ሳይደበቁ ይታዩ፤ ከዚያ ፎቶዎቹ ቀለው ገጹ ይፍጠን፣ ለሁሉም ዓይንና ጣት ይመች፤ ቀለምና ጌጥ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ብዙ ገንዘብ በዚህ ገበያ የሚወጣው በተቃራኒው ቅደም ተከተል መሆኑ ዋናው ስሕተት ነው፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ገጽ የቀድሞውን ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራልና። ሕጎቹም ቢሆኑ ዝቅተኛውን ወሰን ብቻ ያበጃሉ፤ የደረጃውን ቁመት በሴንቲሜትር እንዲጽፍ ወይም የዶሮውን ጩኸት እንዲናገር ባለቤቱን የሚያስገድደው አንቀጽ የለም። ያንን የሚያደርገው ባለቤት እንግዳው በሩን ሲከፍት የሚያገኘው ቤትና በስልኩ ያየው ቤት አንድ እንዲሆኑ የወሰነ ባለቤት ነው፤ የድረ-ገጽ ዲዛይን ጥራትም ከማንኛውም ሌላ መለኪያ በፊት በዚህ አንድነት ሊለካ ይገባል።